ቴኳንዶ የሠራ ሰው መሬት ላይ ግራፕሊንግ (ይዞ መታገል) እንዴት ይጀምር፦ እግርህ ይጠቅምሃል፣ ጀርባህ ያስበላሃል

"ቴኳንዶ ብላክ ቤልት ነኝ፣ ብራዚሊያን ጁጂትሱ ብገባ ከዜሮ ነው የምጀምረው ወይስ የሚያግዘኝ ነገር አለ?" ይሄ ጥያቄ በኢንቦክስ ይመጣል፣ እመልሳለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሰው ያንኑ ይጠይቃል፣ እኔም ለእያንዳንዱ ስጽፍ ግማሹን እየረሳሁ ስለሆነ አንዴ ከነዝርዝሩ ላስቀምጠው።

አጭሩ መልስ፦ ከዜሮ አትጀምርም፣ ግን ምትህን እርሳው። የሚሻገረው ከምቱ በፊት የምትሠራው ነው፦ ጉልበትህን ወደ ደረት መሳብ፣ ዳሌ ማዞር፣ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅ፣ እና ለዓመታት ስትወጠር ያመጣኸው ተለጣጭነት። መተው ያለብህ ደግሞ ሦስት ልማድ አለ፦ ስትወድቅ ማቆም፣ ጀርባ ማዞር፣ እጅ ዘርግቶ መግፋት። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ እነዚህ ላይ ነው የተሠራው። የጠቀስኳቸው የቴኳንዶ ውድድር ሕጎች የወርልድ ቴኳንዶ ናቸው፣ አይቲኤፍ (ሌላው የቴኳንዶ ዘርፍ) ለሠራ ሰውም ልምምዱ ያው ነው፣ ካራቴ የሠራም ብዙው ይሠራለታል። ("አንተ" እያልኩ የምጽፈው ሁለቱንም ጾታ እየጻፍኩ እንዳይረዝም ነው፣ አንቺም ካነበብሽው ላንቺም ነው።)

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማት። ቢያንስ 3 በ3 ሜትር። ቴኳንዶ ክለብ ውስጥ ያለው ተገጣጣሚ ማት 2 ሳንቲ አካባቢ ከሆነ ለመሬት ልምምድ ይበቃል፣ ለመጣል ግን አይበቃም። መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ካለ በሰፊ ፕላስተር ድፈነው፣ የእግር ጣት እዛ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሰበረው። ሲሚንቶ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ መሥራት የሚባል ነገር የለም።
- በክብደት የሚቀራረብህ አንድ ጓደኛ። ሦስት ብትሆኑ ይሻላል፣ አንዱ ያርፋል ያያል።
- ልብስ። ዶቦክህን (የቴኳንዶ ልብስህን) አታምጣው፣ ጨርቁ ስስ ነው ሲጎተት ይቀደዳል፣ በአንገት የሚገባው ዓይነት ደግሞ የሚያዝ ኮሌታ ራሱ የለውም። ወይ የጁዶ/የጁጂትሱ ጊ፣ ወይ ጠበቅ ያለ ቲሸርትና ኪስም ዚፕም የሌለው ቁምጣ። ኪስ ውስጥ የሰው ጣት ይያዛል።
- ማውዝጋርድ። ለስፓሪንግ የገዛኸው ይሆናል። ሆጉ (የደረት መከላከያው) እና የቅልጥም መከላከያው ቤት ይቅሩ፣ ተቃቅፋችሁ ስትሠሩ ጠርዛቸው ጓደኛህን ይቧጭረዋል።
- ጥፍር መቁረጫ፣ ለጣት የሚሆን የስፖርት ፕላስተር፣ ከማት ስትወጣ የምታደርገው ሸበጥ።
- ሳሙና እና ማት ማጽጃ። በረኪና ከሆነ በውሃ አቅጥነህ ብቻ፣ ከሌላ ኬሚካል ጋ ሳትቀላቅል፣ ማቱ ሳይደርቅም አትተኛበት።
- ታይመር ያለው ስልክ።

ቦታ ላጣ ሰው፦ ጁጂትሱ ክለብ አጠገብህ ከሌለና ጁዶ ካለ ጁዶ ግባ፣ የመሬት ክፍል አለው። ሁለቱም ከሌሉ ማስተርህን አስፈቅደህ ከክላስ በኋላ ከጓደኛህ ጋ እስከ 7ኛው ደረጃ ያለውን መሥራት ትችላለህ፣ ደረጃ 6 ላይ ያለውን ማነቂያ ግን የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ሳይኖር አትንካው። ውጭ አገር ያላችሁ ብዙ ጂም የመጀመሪያውን ክላስ በነጻ ያስሞክራል፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ዘለህ እንዳታልፈው

ማነቅ ቀልድ አይደለም። በአንገት ግራና ቀኝ ያለው የደም ስር በደንብ ከተያዘ ሰው በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ይበቃል፣ ሕመም ላይኖረውም ይችላል ስለዚ "ሲያመኝ እነግረዋለሁ" ብለህ አትጠብቅ። ጓደኛህ ከላላብህ ወዲያው ልቀቀው፣ በጎኑ አስተኛው፣ መተንፈሱን እይ። አብዛኛው ጊዜ ወዲያው ይነቃል፣ ካልነቃ ወይ ካልተነፈሰ አምቡላንስ ጥራ። ቢነቃም የዛን ቀን ልምምድ አልቋል።

ተረከዝ ይዞ መጠምዘዝ (ሂል ሁክ) ለጀማሪ ክልክል ነው በቃ። ምክንያቱም የጉልበት ጅማት ሕመሙ ሳይሰማህ በፊት ይበጠሳል፣ ታፕ ("ልቀቀኝ" የሚለውን ምልክት) ለማድረግ ጊዜ የለህም። ዩትዩብ ላይ አይተህ ጓደኛህ ላይ እንዳትሞክረው።

ቆዳ ላይ ጭርት ወይም የሚፈስ ቁስል ያለበት ሰው እስኪድን ማት ላይ አይወጣም። ባህር ዳርም ሆንክ ዲሲ ይሄ ሕግ አንድ ነው።

ደረጃ በደረጃ

1. መውደቅና ታፕ ማድረግ

ውድድር ላይ ስትወድቅ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፣ ዳኛው "ካልዮ" (ተለያዩ) ይላል፣ ጋምጆም (ቅጣት) ይሰጥብሃል፣ ተነስተህ ትቀጥላለህ። ስለዚ ሰውነትህ የተማረው "መሬት ነካሁ፣ አለቀ" የሚለውን ነው። ግራፕሊንግ ላይ እዛ ጋ ነው የሚጀመረው፣ ቴኳንዶ የሠራ ሰው መሬት እንደነካ አንድ ሴኮንድ ደርቆ ይቀራል፣ በዛች አንድ ሴኮንድ ጎንህ ተይዟል።

ቁጢጥ ብለህ ጀምር። አገጭህን ደረትህ ላይ አጣብቅ፣ ጀርባህን አጉብጠህ ወደኋላ ተንከባለል፣ ሁለቱን ክንድህን ከጎንህ ትንሽ ራቅ አርገህ በመዳፍና በክንድ ማቱን ምታ። ከዛ ተኝተህ አትቅር፣ ወዲያው ጉልበትህን ወደ ደረትህ ሳብ። ሁሌም ውድቀቱና ጉልበት መሳቡ አንድ ላይ ይሁኑ፣ ልማዱን የሚሰብረው እሱ ነው። እጅህን ዘርግተህ መሬት ለመደገፍ አትሞክር፣ የእጅ አንጓና ክርን የሚሄደው እንደዛ ነው።

ታፕ፦ ጓደኛህን ደጋግመህ በመዳፍ መታ መታ ታደርገዋለህ። እጅህ ከተያዘ በእግር ማቱን ትመታለህ፣ ወይ በአፍህ "ታፕ!" ትላለህ። የሰማ ወዲያው ይለቃል፣ ክርክር የለም።

2. ሽሪምፕ እና ብሪጅ

ብቻህን ነው የምትሠራው። በጀርባህ ተኛ፣ ሁለቱንም ተረከዝ ወደ መቀመጫህ አስጠጋ። ብሪጅ ማለት ዳሌህን ወደ ላይ አንስተህ በአንድ ትከሻ ላይ መገልበጥ ነው፣ ክብደቱ ትከሻ ላይ እንጂ አንገት ላይ አይሁን። ሽሪምፕ ደግሞ፦ በጎንህ ዙር፣ በአንድ እግር ግፋ፣ መቀመጫህን ወደኋላ አሽሽ፣ ጉልበትህና ክርንህ እስኪገናኙ።

ለምን? ላይህ ላይ የተቀመጠ ሰው በእጅ አይገፋም፣ ከሥሩ የምትወጣው ዳሌህን አንቀሳቅሰህ ነው። ቴኳንዶ ያለው ሰው ዳሌው ስለሚንቀሳቀስለት ይሄን ቶሎ ይይዛል፣ ግን አንድ ስህተት አለ፦ በጎን ሳይዞር ጀርባው ማት ላይ ተለጥፎ ይገፋል፣ ሲገፋ ደግሞ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ራስጌው ይንሸራተታል። መጀመሪያ በጎንህ ዙር፣ ከዛ ግፋ። ማቱን ዳር እስከ ዳር፣ ሄደህ ተመለስ፣ በየልምምዱ መጀመሪያ።

3. ፍሬም፣ ማለትም የታጠፈ ክንድ

ፑንች ስትሠራ ክንድህ ይዘረጋል፣ ሰው ሲጠጋህም ዘርግተህ ትገፋለህ። ማውንት ላይ (ሰው ደረትህ ላይ ሲቀመጥ) ሁለቱንም እጅ ዘርግተህ ደረቱን ከገፋኸው አርምባርን በገዛ እጅህ ሰጠኸው ማለት ነው፣ ክንድህን አቅፎ ይዞርና ክርንህን ይዘረጋዋል።

በምትኩ ክርንህ ይታጠፍ፣ የፊት ክንድህ አጥንት አንዱ አንገቱ ሥር፣ አንዱ ዳሌው ላይ ይቀመጥ። አጥንት ክብደት ይሸከማል፣ ጡንቻ ግን ይደክማል። ፍሬሙን ስትይዝ እሱን ለማንሳት አይደለም፣ እሱ ባለበት ይቆይና አንተ በሽሪምፕ ትሸሻለህ። ክርንህ ከጎድንህ እንዳይርቅ።

4. ጀርባ አለመስጠት

ይሄ ላይ ቆም በል፣ የቴኳንዶ ሰው በብዛት የሚበላው እዚጋ ነው። ተቃራኒህ ሲገፋብህ ሰውነትህ በራሱ ይዞራል፣ ዲት ቻጊ (የኋላ ምት) ለመምታት። ቆመህ ጥሩ ነው። መሬት ላይ ግን ሳይድ ኮንትሮል ተይዘህ (ከጎንህ ሆኖ ደረቱን ደረትህ ላይ ሲጭን) ከሱ ሸሽተህ ስትዞር ጀርባህን አቅፎ፣ ሁለት እግሩን ጭንህ ውስጥ አስገብቶ፣ ክንዱን አንገትህ ሥር ያስገባል። በአይቢጄጄኤፍ (ዓለም አቀፉ የጁጂትሱ ፌዴሬሽን) ሕግ 4 ነጥብ ነው፣ ማውንት ብቻ ነው የሚስተካከለው፣ ይሄን ያህል የሚከፈልበት ደግሞ ከዛ መውጣት ስለሚከብድ ነው።

ልምምዱ፦ ጓደኛህ ሳይድ ኮንትሮል ይያዝህ፣ ቀስ ብሎ ይጫንህ። ያንተ ሥራ አንድ ነው፣ ሁሌ ወደ እሱ ፊትህን አዙረህ በጎንህ መሆንና የታችኛውን ጉልበትህን በመሃላችሁ ማስገባት። ወደ ሌላኛው ጎን በዞርክ ቁጥር ጓደኛህ "ጀርባ!" ይበልህ። ሲሰለችህ ቀጥል፣ ልማዱ የሚለቀው ከተሰላቸህ በኋላ ነው።

ጀርባህ ከተያዘ ደግሞ መጀመሪያ በሁለት እጅህ የሚያንቀውን ክንድ ያዝ፣ አገጭ መደበቅ ብቻውን አያድንም። ቀጥሎ በብብትህ ሥር በገባው እጁ በኩል (አንገትህ ላይ ካለው በተቃራኒ) ዘንበል በልና ትከሻህን ማት ላይ ለማሳረፍ ሞክር። ጀርባህ ማቱን ካገኘ እሱ ጀርባህን አጣው ማለት ነው።

5. ጋርድ፣ እዚህ ነው የምትከበረው

ዶልዮ ቻጊ (የዙር ምት) በዝግታ ምታ እስቲ። መጀመሪያ ጉልበትህ ወደ ደረትህ ይወጣል አይደል? አሁን ያንኑ በጀርባህ ተኝተህ ሥራው። በቃ ይሄ ነው ጋርድ (ተኝተህ ተቃራኒህን በእግሮችህ ማገድ) መጠበቅ ማለት። ከጁጂትሱ ጀማሪዎች ብዙዎቹ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ አይደርስም፣ እግራቸው በታለፈ ቁጥር ዘግይተው ነው የሚመልሱት። አንተ ይሄን በሺህ ጊዜ ሠርተኸዋል።

ልምምዱ እንዲህ ነው፦ ተኛ፣ ጓደኛህ ቆሞ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚትህን ይዞ ወደ አንድ ጎን ይወርውርና በሌላው ጎን ለማለፍ ይራመድ። አንተ እጅህን ትከሻው ላይ ፍሬም ታደርጋለህ፣ ዳሌህን ወደ እሱ ታዞራለህ፣ ከእሱ የራቀውን ጉልበት በደረትህ ላይ አሻግረህ ታመጣለህ፣ ተረከዝህን ዳሌው ላይ ታሳርፋለህ። የዮፕ ቻጊ (የጎን ምት) አነሳስ ነው፣ ልዩነቱ ጀርባህ ማት ላይ መሆኑ ብቻ። እግርህ ዳሌው ላይ ካረፈ በኋላ ርቀት መጠበቅ ፑሽ ኪክ እንደምታስቀምጠው ነው፣ ሳትመታ መግፋት።

የ2 ደቂቃ ዙር፣ መቀያየር። እሱ እጁን ሳያፈጥን ይጀምር፣ ቀስ በቀስ ይጨምር።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ እግርህን ዘርግተህ አትተው፣ ምት ከመታህ በኋላ እንደምትመልሰው ወዲያው መልሰህ እጠፈው፣ የተዘረጋ እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ይያዛል። ሁለተኛ፣ ተለጣጭ ነኝ ብለህ ጉልበትህን ጆሮህ ጋ ሲያደርሱት ዝም አትበል፣ እግርህ ቢችልም ክብደቱ አንገትህና ወገብህ ላይ ነው የሚያርፈው። ዳሌህን አሽሽ ወይ ታፕ አድርግ።

6. ትራያንግል

ትራያንግል በእግር ማነቅ ነው፣ ረጅም እግርና ክፍት ዳሌ ላለው ሰው የመጀመሪያ ማነቂያ ይሄ ይሁን።

ጓደኛህ በእግሮችህ መሃል ተንበርክኳል። አንዱን እጁን በመሃል ተወው፣ ሌላውን ወደ ራሱ ሆድ ገፍተህ ከእግርህ ውጪ አድርገው። በዛ በኩል ያለውን እግርህን አንገቱ ላይ አሳርፍ። አሁን ብዙ ሰው እዚጋ ዝም ብሎ ይጨምቃል፣ አይሠራም፣ ፊት ለፊት ሆነህ ስትጨምቅ ጭንህ የሚያገኘው ትከሻውን ነው። ሌላኛውን እግር ዳሌው ላይ አሳርፈህ ገፍተህ ዙር፣ ጆሮውን እስክታይ። ይሄ ዙረት ዶልዮ ስትመታ የቆምክበት እግር የሚዞረው ነው፣ ዳሌ ካልዞረ ምቱ እንደማይደርሰው ማነቂያውም አይደርስም። ከዞርክ በኋላ አንገቱ ላይ ያለውን ቅልጥምህን በእጅህ ሳብና በሌላኛው እግርህ የጉልበት መታጠፊያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆልፈው። ራሱን ወደ ታች ሳብ፣ ጉልበቶችህን አቀራርብ። ቀስ ብለህ።

ዶልዮ ላይ እግርህ ቀጥ ብሎ ይሾላል፣ ያን እዚህ አታርገው። የጣትህን ጫፍ ወደ ራስህ ሳበው፣ ዮፕ ቻጊ ላይ እንዳለው። የሾለ እግር ላይ ሲቆለፍ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል። የእግር ጣትህን ይዘህም አትሳብ፣ ቅልጥምህን ነው።

7. ላይ ሆኖ መክበድ

ቴኳንዶ ቀላል መሆን ያስተምራል፣ በጣት መቆም፣ መንሳፈፍ። ሳይድ ኮንትሮል ይዘህ እንደዛ ከሆንክ የታችኛው ሰው አንዴ ብሪጅ ሲል ትበራለህ። ደረትህ ደረቱ ላይ፣ ዳሌህ ዝቅ፣ አንድ ክንድ ራሱ ሥር፣ አንዱ ሩቅ ባለው ብብቱ ሥር። ጉልበትህ ላይ አትቀመጥ፣ ክብደትህ ማቱ ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ይረፍ። ለአንድ ደቂቃ ምንም ሳትቆልፍ ሳታንቅ ያዘው ብቻ። እስትንፋሱ ከከበደ በትክክል ይዘሃል።

8. ከመሬት መነሳት

አንድ እጅ ከኋላህ ማት ላይ፣ በተቃራኒው በኩል ያለው እግር መሬት ላይ፣ ሌላኛው እግር ተቃራኒህ እንዳይጠጋ ፊት ለፊት፣ ነጻው እጅ ፊትህን ይጠብቅ። በእጅና በእግር ዳሌህን አንሳና የፊቱን እግር ከሥርህ አሳልፈህ ወደኋላ ውሰድ። ዓይንህ ከሱ አይነሳ። በአንድ እግር ሚዛን የመጠበቅ ልምድህ ስላለ ቶሎ ትለምደዋለህ።

9. አቋቋም

የጎን አቋቋምህ የፊት እግርህን በሳህን አርጎ ነው የሚያቀርብለት። ፊት ለፊት ዙር፣ ጉልበት እጠፍ፣ እጅ ወደ ፊት፣ ክርን ወደ ጎድን። እግርህ ከተያዘ ሚዛንህ አለ፣ አትደንግጥ፦ በእንጣጥ ተከተለው፣ ክንድህን በክንዱ ላይ አሳልፈህ አጥብቀህ እቀፍ፣ በሌላው እጅ ራሱን ወደ ታች ግፋ፣ የተያዘውን እግር ወደ መሬት ጫን።

ዘለህ ጋርድ አትግባ፣ ጓደኛህ ጉልበቱ ላይ ነው የምታርፈው፣ ለነጭ ቀበቶ በውድድርም ክልክል ነው። በአየር ላይ በእግር እንደ መቀስ መጣልም እንደዛው። መሬት መሄድ ከፈለግክ ይዘኸው ቁጭ በል።

10. ሮሊንግ (የግራፕሊንግ ስፓሪንግ)

ከቆማችሁ አትጀምሩ። ከተወሰነ ቦታ ጀምሩ፣ አንዱ ሳይድ ኮንትሮል ይዞ፣ ወይ አንዱ ጋርድ ላይ ሆኖ፣ 3 ደቂቃ። ያለፈ ወይ የወጣ ሲኖር እንደገና።

የትንፋሽ ነገር፦ ቴኳንዶ ዙሩ 2 ደቂቃ ነው፣ ፈንድተህ ታርፋለህ። የአዋቂ ነጭ ቀበቶ የጁጂትሱ ግጥሚያ 5 ደቂቃ ሳይቋረጥ ነው። ትንፋሽ ይዘህ ከፈነዳህ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እጅህ አይያዝልህም። በአፍንጫህ መተንፈስ ካቃተህ ፈጥነሃል፣ ቀንስ።

ምን ፈልጌ ልንቀሳቀስ ለሚል፣ ነጥቡ ራሱ ይነግርሃል፦ መጣል 2፣ ከታች ሆኖ መገልበጥ 2፣ ጉልበት ሆድ ላይ 2፣ ጋርድ ማለፍ 3፣ ማውንት 4፣ ጀርባ 4፣ እያንዳንዱን 3 ሴኮንድ መያዝ አለብህ። መጀመሪያ ቦታ ያዝ፣ ማነቁ ይደርሳል።

ብዙ የማያቸው ስህተቶች

- ብላክ ቤልት አስሮ መግባት። ነጭ እሰር። ክብር አይቀንስብህም፣ ግን ጥቁር ካሰርክ ሰው ታውቃለህ ብሎ ሙሉ ኃይሉን ያወርድብሃል።
- ከታች ሆኖ ራስ ማቀፍ። ሰፈር ውስጥ ይሠራ ይሆናል፣ እዚህ ጀርባህን ነው የምትሰጠው።
- ጣትን በጊ ውስጥ ጠምዝዞ መያዝ። ሲጎተት ጣት ይወልቃል፣ ልቀቅና እንደገና ያዝ።
- አንድ ጣት ብቻ ይዞ መጠምዘዝ። ከአራት በታች ጣት አይያዝም።
- ቴኳንዶን ማቆም። ሁለቱንም መሥራት ትችላለህ፣ ጠንካራ ስፓሪንግና ሮሊንግ አንድ ቀን አታርጋቸው ብቻ፣ የደከመ ጉልበት ነው የሚጎዳው።
- ጆሮ ሲያብጥ ዝም ማለት። ውስጡ ደም ቋጥሮ ነው፣ ከቆየ ይደርቅና እንደዛው ይቀራል። ቤት ውስጥ በመርፌ አትንካው፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሐኪም ጋ ሄደህ አስወጣው፣ እስኪድን ድረስም ማት የለም።